«ንግግሩን አትቁረጠው» ብዬዋለሁ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደብረ ብርሃንም በብርዷ እንደጸናች ናት። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ስላጠፋሁብሽ ይቅር በይኝ፤ ምክንያቱን ስንገናኝ አጫውትሻለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛልና ጉዳዬን ልንገርሽ።

ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት የልቦለድ ረቂቅ ሰጥቶኛል። ታሪኩ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በአንቺው አገር፣ በመንዝ ስለምታድግ ልጅ ነው። ረቂቁን ያየለት አንድ አሳታሚ «ወሬ በዝቶበታል፤ ንግግሩን ቆርጠህ ታሪኩን በቀጥታ ተርክ፤ የአገሩንም ገለጻ ቀንስ» ስላለው ሊቆርጠው ተነሥቷል። እኔ ግን መጽሐፉ የሚጥመው በእነዚሁ በሁለቱ ስለሆነ ነገሩ ዕረፍት ነሥቶኛል።

ስለ ልጅነት የሚጻፍ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚሰለቸው፣ ደራሲው በጎልማሳ አንደበት «ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር» እያለ ሲያስረዳን ነው። ይህ ልጅ አያስረዳም። ልጅቱ እሳት እያነደደች ሳለ አንድ ሽማግሌ ለአባቷ «ጊደሪቱ ደርሳለች መሰለኝ፤ በረት ይፈለግላት» ይላሉ። አባቷም «ገና ናት፤ ዘንድሮን ትክረም» ብሎ ይመልሳል። ልጅቱ በማግስቱ ማልዳ ከበረት ትገባና፣ ሊሸጧት ነው ብላ የጊደሯን አንገት አቅፋ ታለቅሳለች። ሰሙን እሷ ሰማች፤ ወርቁን እኛ ሰማነው፤ ስለ እሷ የምንሰጋውም ከዚያች ገጽ ጀምሮ ነው። ከብዙ ምዕራፍ በኋላ እኒያው ሽማግሌ ተመልሰው ስለ ጊደር ሲያነሡ፣ ቡና ከምትቀዳበት ቀና ብላ «አባባ፣ ጊደሪቱ በረቷን ራሷ ትመርጣለች» ትላቸዋለች። አደገች የሚል ቃል በገጹ ላይ የለም። ታዲያ ይህ ተቆርጦ ምን ሊተረክ ነው?

በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» አስታውሺው። የደብረ ሲናን አካባቢ ሰው በገዛ አነጋገሩ ሲከራከር የምንሰማበት መጽሐፍ ነው። ስለ ማደግ የተጻፈ ነው ባልልም፣ ንግግር ብቻውን ሰውን አቁሞ ሊያሳይ እንደሚችል ለመማር ከእሱ የተሻለ አላውቅም፤ ለልጁም እንዲያነበው ሰጥቼዋለሁ።

ገለጻውም እንዲሁ ነው። ጓሳ የተባለው የመንዝ የወል ሣር መሬት በአባቶች ደንብ ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ሲከፈት፣ ሕዝቡ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ሊያጭድ ይወጣል፤ ልጅቱም ዕድሜዋን የምትቆጥረው በዚሁ ነው። በመጀመሪያው ሣሩ እስከ አንገቷ ይደርሳል፤ የሚታያት የአባቷ በርኖስ ጀርባ ብቻ ነው። በሚቀጥለው የሣር ሸክሟን ይዛ ከአባቷ ፊት ትሄዳለች፤ ጭላዳዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሲግጡም አሻግራ ታያቸዋለች። ሣሩን የምናየው በእሷ ቁመት ልክ ስለሆነ፣ እሱን መቀነስ ዕድሜዋን መቀነስ ነው። ስለ ውርጩ የሚደጋገመውን ግን እኔም አሳጥረው ብዬዋለሁ፤ እዚያ ላይ የሚያየው ደራሲው እንጂ ልጅቱ አይደለችም።

አሁን… ይህን ያህል ጠፍቼ ሥራ ይዤብሽ መምጣቴ እያሳፈረኝ ነው፤ ሆኖም ከአንቺ ሌላ ለማን እሰጠዋለሁ? መሐል ሜዳ ተወልደሽ ያደግሽ ነሽና የሰዎቹን አነጋገር ጆሮሽ ይመዝነው። በተለይ የእናቲቱን ቁጣ እይልኝ፤ የመንዝ እናት ልጇን እንደዚያ የምትቆጣ አልመስልሽ ካለ፣ እንዴት እንደምትቆጣ በኅዳጉ ላይ ጻፊለት። መጨረሻውን ገጽ አስቀድሞ የማንበብ አመልሽን ደግሞ ለዚህ መጽሐፍ ስትይ ተዪው፤ አደራ!

ረቂቁን በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ልጁ ከፋሲካ በፊት መልስ መስጠት ስላለበት፣ ሳትጨርሺውም ቢሆን ያሰብሽውን ቶሎ ጻፊልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

አክባሪ ጓደኛሽ