የድጋፍ ጥሪ፦ የሙዚቃ መሣሪያ ለሌለው፣ በሸማኔ አባቶች ድምፅ ለሚታጀብ ቴአትር

የተከበራችሁ የሽሮ ሜዳ ነዋሪዎች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ የዶርዜ ተወላጆችና የቴአትር ወዳጆች፤

ከጨንቻ ተነሥቶ ሸማ ሊሠራ አዲስ አበባ የገባን የአንድ ወጣት ታሪክ ለመድረክ እያዘጋጀን ነው። በቴአትሩ ውስጥ ክራርም፣ ማሲንቆም፣ ኪቦርድም የለም። ሙዚቃው በሙሉ የሠፈራችን ሸማኔ አባቶች ድምፅ ነው።

የዶርዜን ዜማ በሠርግ ወይም በመስቀል የሰማ ያውቀዋል። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይሉም። አንዱ ዝቅ ብሎ ሲይዝ ሌላው ከላይ ጣል ያደርጋል፣ ሦስተኛው መሃሉን ይሞላል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀርጾ ለውጭው ዓለም ያሰማው ይህንኑ ነው። እኛ ደግሞ ታሪክ እንዲነግርልን ፈለግን። ልጁ ከቤት ሲወጣ እናቱን የምትጫወተው ተዋናይት አንድም ቃል አትናገርም። አባቶች ከኋላዋ ቆመው ያዜማሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ዝም እያሉ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ይቀራል። እሷ ስትዘገይ እነሱም ይዘገያሉ፣ ስትፈጥን ይፈጥናሉ። የተቀረጸ ሙዚቃ ይህን አያደርግላትም።

ሸማኔ ግን የሚኖረው በእጁ ሥራ ነው። ለልምምድ ከሽመና ጉድጓዱ በወጣ ቀን ጋቢው አያልቅም፤ ጋቢው ካላለቀ ገበያ የሚወጣ ነገር የለም። አንድ ሰው ከቀረ ደግሞ ዜማው ወዲያው ይጎድላል፤ የሚሸፍንለት መሣሪያ የለማ! እስካሁን ስለ ፍቅር ብለው መጥተውልናል። ከእንግዲህ በነጻ ኑልን ማለት ግን ነውር ነው።

የሚያስፈልገን 160,000 ብር ነው። 100,000ው ለአሥራ ሁለቱ አባቶች የቀን አበል፣ 45,000ው ለአዳራሽ ኪራይ፣ ቀሪው ለክር ይውላል፤ የመድረኩን ልብስ የሚሸምኑት እነሱው ናቸውና።

መዋጮውን በደረሰኝ የሚቀበለው የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው፤ የወጪው ዝርዝርም በእድሩ ቤት ይለጠፋል። ገንዘብ ያልተመቻችሁ ክር ብትሰጡን፣ ለልምምድ ቀን ምሳ ብትችሉልን ትልቅ እገዛ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በእድሩ ቤት ልምምድ ስላለ መጥታችሁ ስሟቸው። ቴአትሩን ለመስቀል ሰሞን ለማድረስ አስበናል፤ ስለዚህ የአቅማችሁን እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንድታደርሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።