ቆሼ ላይ የሟቾቹ ስም ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር፣ ስለ ቆሼ ሲወራ የምሰማው ስለ ሽታው፣ ስለ ጭሱና ስለ መሬቱ ነው። እኔ ስለ ሰዎቹ መናገር እፈልጋለሁ። ያደግሁት አየር ጤና ነው። እናቴ ከቆሼ ልቃሚዎች ጠርሙስና ጀሪካን እየገዛች፣ አጥባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ትሸጥ ነበር። እኛን ያስተማረችው በዚያ ገንዘብ ነው።

ያ ተራራ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ተከምሮ የበቀለ ነው። የፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ የሆቴል ትራፊ፣ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ፣ ሁሉም እዚያ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቤታቸው እንደተቀመጡ ነው የተቀበሩት! ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ድንኳኑም ተነሳ።

ዌልስ ውስጥ አበርፋን የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1966 የከሰል ማዕድን ጥራጊ ክምር ተንዶባት 144 ሰው ሞተ። 116ቱ ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤቱ የነበረበት ቦታ ዛሬ የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ ነው።

ቆሼም ፓርክ ይሁን ሕንፃ ይሠራበት፣ የሞቱት ሰዎች ስም ከነአባታቸው በድንጋይ ተቀርጾ እዚያው ይቁም። በዚያ ክምር ልጅ ያሳደጉ ልቃሚዎችም ይጠቀሱ። የከተማው አስተዳደር ከየት ልጀምር ካለ፣ የሰፈሩን እድር ዳኞች ይጥራ። ማን ከየትኛው ቤት እንደጎደለ እነሱ ያውቃሉ።

የአየር ጤና ነዋሪ