አባዬ፣ ሌሊት እየተነሱ መኪናውን አይዩ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ትንሽ ሻል አለዎት? እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ሰላም ይሉዎታል።

ባለፈው በስልክ «ይሄን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ለማድረግ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ በችኮላ «እንደ ሁኔታው ነው» ብዬ አለፍኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቆጨኝ። ይባስ ብሎ እማዬ ሌሊት ሌሊት እየተነሱ ሞላ አልሞላ እያሉ እንደሚያዩት ነገረችኝ። በዚያ ጉልበትዎ፣ በጨለማ፣ ደረጃ እየወረዱ! ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ በደንብ ልንገርዎት።

የመኪናዎ ባትሪ 60 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት መጠን መለኪያ ነው) ይይዛል። እንደ በርሚል ያስቡት። ሶኬቱ ቧንቧው ነው። ተራ የግድግዳ ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ሲሰጥ 2.2 ኪሎዋት ይሆናል። ከዚያ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክን አለ፤ ባትሪው ውስጥ የሚገባው በየሰዓቱ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ ቧንቧ ባዶውን በርሚል ለመሙላት 30 ሰዓት ያስፈልጋል።

ቁጥሩ እንዳስደነገጠዎት አውቃለሁ። ግን እርስዎ መቼ ባዶ አድርገውት ያውቃሉ? በነዳጁ መኪና ጊዜ እንኳ ታንኩ ግማሽ ሳይደርስ የሚሞሉ ሰው ነዎት። አሁን በቀን ቢበዛ 30 ኪሎሜትር ነው የሚነዱት። እንዲህ ያለ መኪና ለ100 ኪሎሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢበላ፣ የእርስዎ የቀን ፍጆታ ከ6 አይበልጥም። ያ በተራ ሶኬትም ቢሆን የ3 ሰዓት ሥራ ነው። ማታ ሰክተው ቢተኙ እንቅልፍዎ ሳያልቅ እሱ ጨርሷል።

ሲሞላ ደግሞ ራሱ ያቆማል። ስክሪኑ ላይ 80 በመቶ ብለው ገደብ ይስጡት፤ እዚያ ሲደርስ መቀበሉን ይተዋል። ማንም ወርዶ መንቀል የለበትም። ልጅ ሳለሁ ሌሊት እየተነሱ ብርድ ልብሴን ያለብሱኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። መኪናው ግን አይበርደውም አባዬ። ይተኙ።

ጎረቤትዎ «ትልቁን፣ ባለ 11 ኪሎዋቱን ቻርጀር ይግዙ» ያለዎትን ነገር ትንሽ ያቆዩት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዕቃ ዋናው ቻርጀር አይደለም፤ መብራቱን በጥንቃቄ የሚያቀብል ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት (ኤሲ የሚባለውን) ባትሪው ወደሚቀበለው ዓይነት (ዲሲ ወደሚባለው) የሚቀይረው መሣሪያ ያለው መኪናው ውስጥ ነው፣ የእርስዎ ደግሞ ከ7 ኪሎዋት በላይ አይቀበልም። 11 ቢሰጡትም የሚወስደው ያንኑ 7 ነው። ባለ 7ቱ ይበቃዎታል። ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

መንገድ ላይ ያለው ፈጣን ቻርጀር ግን ሌላ ነው። እሱ ዲሲውን በቀጥታ ወደ ባትሪው ይልካል። ለዚህም ነው ከ10 እስከ 80 በመቶ በግማሽ ሰዓት፣ ባትሪው ዘገምተኛ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሞላው። ያን ቀን ቆመው ጠብቀው «ተበላሽቷል» ብለው የተናደዱት 100 እስኪገባ ስለጠበቁ ነው። ነዳጅ ሲቀዱ ታንኩ ሊሞላ ሲል እጅዎን ቀስ ያደርጉ አልነበር? ባትሪውም እንደዚያው ነው። ከ80 በኋላ እንዳይጎዳ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይሄዳል፤ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ብቻዋን ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ ያህል ጊዜ ልትፈጅ ትችላለች። በብርድ ቀን ደግሞ ከመጀመሪያውም ይዘገያል። መንገድ ላይ 80 ሲል ነቅለው ይሂዱ።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር አለ። ያንን መኪናውን የሚሰኩበትን ቀጭን ኤክስቴንሽን ይጣሉት። ስልክ ለግማሽ ሰዓት መሰካትና 10 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ መሳብ አንድ አይደለም። ሽቦው ይግላል፣ መሰኪያው ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ይሄ እኔን ራሴን እንቅልፍ ይነሳኛል። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ለመኪናው ብቻ የሚሆን መስመር፣ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ያስዘርጉ። ወጪው በእኔ ነው፤ እንዳይከራከሩኝ። እስከዚያ ሶኬቱን በእጅዎ ይንኩት። ካቃጠለዎት መጀመሪያ ከመኪናው ላይ ቻርጁን ያስቁሙ፣ ከዚያ ብሬከሩን ያጥፉ።

መኪናው ጋር የመጣው ኬብል መሀሉ ላይ ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ ላይ የአምፔር ቁጥር ተጽፏል። እማዬ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። እሑድ ስደውል የእርስዎን ትክክለኛ ሰዓት አስልቼ እነግርዎታለሁ።

የሚወድዎት ልጅዎ