ስለ ጀጎል ግንብ፣ ለወንድሜ ለታደሰ

ውድ ወንድሜ ታደሰ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ዝም በማለቴ ይቅርታህን እለምናለሁ። አሮጌውን የሐረር ከተማ ለሚከበው ለጀጎል ግንብ ጥገና ወደዚያ ልትሄድ መሆኑን ስሰማ ግን ሳልጽፍልህ መቅረት አልሆነልኝም።

የሐረር ገዥ የነበሩት አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን በግንብ ሲያስከብቡ አምስት በር ነበራት፦ በምዕራብ ሸዋ በር፣ በሰሜን ፈላና በር፣ በምሥራቅ ኤረር በር፣ በደቡብ በኩል ሰንጋ በርና ቡዳ በር። ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ አስመዲን በሪ፣ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪ ይሏቸዋል። ሲመሽ በሮቹ ተዘግተው ቁልፉ አሚሩ ዘንድ ያድር ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ከተማዋን ሲይዙ የግንቡ የመከላከል ሥራ አበቃ። ዛሬ መኪና በከተማዋ መሃል ወዳለው አደባባይ ወደ ፈረስ መጋላ የሚያስገባው ሰፊው ሐረር በር ከዚያ ወዲህ የተከፈተ ስድስተኛ በር ነው፤ ከአምስቱ ጋር አታምታታው።

ግንቡ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይዞራል፤ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር ነው። ድንጋዩ ሃሺ የሚሉት ቀዳዳማ የኖራ ድንጋይ ሲሆን የተያያዘው በጭቃ ነው። አደራ የምልህ እዚህ ላይ ነው፦ ሲሚንቶ አታስነካው። ውሃ ከአናቱ በስንጥቅ ይገባል፤ ሲሚንቶው መውጫ ይከለክለዋል፤ ውስጡ ያለው ጭቃ ይላላል፤ ፊቱ ያብጥና አንድ ክረምት ሲመጣ ይናዳል። ከላይ ሲታይ ጠንካራ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይታለልበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የግንቡን አናት ውሃ እንዳይቋጥር አስተካክል፤ ከእግሩም ውሃ የሚሸሽበት ቦይ አውጣ። የድሮውን የሲሚንቶ ልጥፍ በመሮ ቀስ ብለው ያንሱት፤ መሰርሰሪያ ማሽን ጎረቤት ድንጋዩን ያናጋል። የላላውን ጭቃ ጠርገው፣ ክፍተቱን አርጥበው፣ በትናንሽ ድንጋይ ሽብልቅ ይሙሉት። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ ያልበሰለ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያበጠ ፊት ካጋጠመህ ደግፈህ ጥቂት ጥቂቱን ፍታ፤ ሰፊ ቦታ በአንዴ ከከፈትክ ከላይ ያለው ይወርድብሃል።

ከግንቡ እግር ያሉትን ቀዳዳዎች ደግሞ ማንም እንዳይደፍናቸው። በእነሱ ውሃ ይወጣል፤ ማታ ጅብ ገብቶ የከተማውን ጥራጊ የሚለቅመውም በእነሱ ነው። ግንበኛ ጉድለት መስሎት ይዘጋቸዋል፤ ያኔ ውሃው ግንቡ ሥር ይተኛል።

ሥራውን ከበጋ ቀድመህ አትጀምር። የየትኛውን በር ጎን እንደሰጡህ ጻፍልኝ።

ወንድምህ