ተቀጽላ ያለ ዛፉ ግማሽ ናሙና ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ የዕፅዋት ናሙና የምትሰበስቡ መምህራን፣ ተማሪዎችና የግብርና ባለሙያዎች አንድ ነገር እንድታስተካክሉ አጥብቀን እንጠይቃለን። ተቀጽላ፣ ማለትም በዛፍ ላይ በቅሎ ዛፉን እየመጠጠ የሚኖረውን ዕፅ፣ ስትቆርጡ ከበቀለበት ዛፍም ናሙና አብራችሁ ቁረጡ። «ግራር ላይ የተገኘ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ግራር የብዙ ዝርያዎች የጋራ ስም ነው፤ ከድሬዳዋ ቆላ በደንገጎ ወደ ሐረር ሲወጣ የግራሩም ዓይነት ይለወጣል። ስለዚህ ከዛፉ ቅጠል ያለው፣ ከተገኘም አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ውሰዱና ለሁለቱም አንድ ቁጥር ስጡ። ተቀጽላው ዛፉን የሚመጥበትን እብጠት ደግሞ ከግራና ከቀኙ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንጨት አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ወፍራም ከሆነ ለሁለት ሰንጥቁት። አልፎ አልፎ ተቀጽላ በሌላ ተቀጽላ ላይ ይበቅላል፤ ያኔ ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

ብዙ ናሙና የሚበላሸው ማድረቂያው ላይ ነው። የተቀጽላ ቅጠል ወፍራምና ውሃ ያዘለ በመሆኑ ጋዜጣ መሃል ተጭኖም ለቀናት አይሞትም፤ በሕይወት ሳለም ከመገጣጠሚያው ይለቃል። በተለይ ቪስኩም የሚባለው ወገን አንጓ በአንጓ ይበታተናል። መፍትሔው ቅጠላማውን ክፍል ለጥቂት ሰከንድ በፈላ ውሃ ነክሮ ማውጣትና ውሃውን በጨርቅ አድርቆ መጫን ነው። አበባው ግን ውሃው አይንካው። ጋዜጣውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየዕለቱ ቀይሩ፤ እርጥበት ከቆየበት ቅጠሉ ይጠቁራል። በድሬዳዋ ሙቀት ናሙናን በፕላስቲክ ከረጢት አሳድሮ መጫንም ያው ነው፤ ያልበዋል፣ ይረግፋል።

የአበባው ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠፋ እዚያው ዛፉ ሥር ጻፉት፤ «ቀይ» ብላችሁ ሳይሆን የእምቡጡን ጫፍ፣ መሃልና ግርጌ ለየብቻ። ትልልቅ አበባ ያላቸው ብዙዎቹ ዝርያዎች የአበባ ማር የሚቀስም ወፍ ሲነካቸው በድንገት የሚፈነዱ ናቸውና ያልተከፈተ የበሰለ እምቡጥም፣ የተከፈተም ያዙ። አምስት ስድስቱን በ70 በመቶ አልኮል ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡ፤ ቁጥሩን በእርሳስ ጽፋችሁ ውስጡ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮሉ ያጥበዋል። የፍሬው ሙጫ ከጋዜጣ ጋር ስለሚጣበቅ ሰም የተቀባ ወረቀት ጣል አድርጉበት።

ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ)፣ ሌላው በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይቀመጥ። የረገፈ ቅጠልም ቢሆን አይጣል፤ በወረቀት ፖስታ ታሽጎ ከናሙናው ገጽ ጋር ይለጠፍ።