ድነት አይጠፋም ማለት ለኃጢአት ፈቃድ መስጠት አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። «አንድ ጊዜ የዳነ ለዘላለም ድኗል» የሚለው ትምህርት ሰውን ለኃጢአት ያደፋፍራል ይላል። እኔ የኮምቦልቻ ነዋሪ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛና ወንጌላዊ አማኝ ነኝ። ነገሩ ቤቴ ድረስ የገባ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጸሐፊው ስጋት መሠረት የለውም አልልም። «ድሮ እጄን አንስቼ ጌታን ተቀብያለሁ» እያለ ሚስቱን የሚደበድብ ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው «አይዞህ፣ ድነሃል» የሚል አገልጋይ ይበድለዋል።

ትምህርቱ ግን ይህን አይልም። እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 ኔዘርላንድ ውስጥ ዶርት በተባለች ከተማ የተሰበሰቡት፣ ይህን ትምህርት የሚይዙት የተሐድሶ መምህሩ የካልቪን ወገኖች፣ እውነተኛ አማኝ ከባድ ኃጢአት ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል በግልጽ ጽፈዋል። ዳዊትንና ጴጥሮስን በምሳሌነት ጠቅሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሕሊናው ይቆስላል፣ የጸጋው ስሜት ለጊዜው ይርቀዋል። እግዚአብሔር ግን በንስሐ ይመልሰዋል እንጂ አይተወውም ነው ያሉት። ታዲያ ፈቃዱ የቱ ጋ ነው?

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ደሴ፣ ሳላይሽ ነው ያደገችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጸልይ ነው የማውቃት። አሁን የመርሳት በሽታ ይዟታል። እኔን ልጇን «እትዬ» ትለኛለች፤ ታላቅ እህቷ እመስላታለሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቡና ሲጠሩን እንደ ድሮው ከፊት ያስቀምጧታል። ስሟን እየነገሩ ያጎርሷታል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አንድ ቀን ልትጠይቃት የመጣች እህት «ጌታ ኢየሱስን ታስታውሺዋለሽ?» አለቻት። እናቴ ትንሽ አሰበችና «የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። እህት ስትወጣ በር ላይ ያዝ አድርጋኝ «እምነቷን ሳትይዝ እንዳትሞት በርትተሽ ጸልዪ» አለችኝ። ክፋት እንደሌለባት አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያጽናናኝ ዮሐንስ 10፥28 ነው፦ «ለዘላለምም አይጠፉም፥ ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም።» የሚይዘው እጅ የእርሱ ነው። የእናቴ ድነት በእናቴ ትዝታ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አልቆ ነበር። በየእሁዱ «ዛሬ ብትሞት የት ትገባለህ?» እየተባለ የሚሸበር ምእመንም ይህን ቃል መስማት አለበት። በኃጢአቱ የሚኮራውን ማስጠንቀቅ ሌላ ነው፣ የሚንቀጠቀጠውን ማስፈራራት ሌላ።

ዕብራውያን 6ን እንደማላልፈው ጸሐፊው ይወቁልኝ። «አንድ ጊዜ ብርሃን የበራላቸው» ሰዎች ቢክዱ ለንስሐ እንደገና ማደስ አይቻልም የሚለው ቃል ያስፈራል፣ ሊያስፈራም ይገባል። ሉተራውያን እ.ኤ.አ. በ1530 ባወጡት የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ፣ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን ተቃውመዋል። ኦርቶዶክስ ወገኖቻችንም «እስከ መጨረሻ የሚጸና» የሚለውን ይጠቅሱልናል። ነገር ግን እዚያው ዕብራውያን 6 ቁጥር 9 ላይ የመልእክቱ ጸሐፊ ወደ አንባቢዎቹ ዞሮ ስለ እናንተ ግን የሚሻለውን፣ ለመዳን የሚሆነውን ተረድተናል ይላቸዋል። ማስጠንቀቂያው እግዚአብሔር ልጆቹን ጠብቆ የሚያደርስበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከደሴ ወጣ ብላ ያለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ክርክር አስተናግዳለች። ያ ክርክር የተቋጨው በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ነበር። ይሄኛውን ግን መጽሐፉን ገልጠን በሰላም ልንነጋገርበት እንችላለን። ስለዚህ ዕብራውያን 6ን ከሁለቱም ወገን የሚያስረዱ መምህራን ጋብዛችሁ፣ ጎን ለጎን እንድታትሙልን እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከኮምቦልቻ