አለሁ፣ አንተ ድራመር

እንዴት ነህ አንተ ሰው? እንኳን አደረሰህ። እናንተ ጋ ነግቶ 2014 ብላችኋል፣ እኔ ጋ ገና የጳጉሜ 5 ማታ ነው፣ በዓመት ቀድመኸኛል ማለት ነው። ስለመጥፋቴ ይቅርታ፣ ነገ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ ስል ነገው በዛና ማፈር ጀመርኩ፣ ፀባዬን ታውቀው የለ፣ በቃ እለፈው። እማዬ እንዴት ናት፣ ጉልበቷስ? ወለዳችሁ አሉ ደግሞ፣ ፌስቡክ ላይ ነው ያየሁት፣ ለባለቤትህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። አገሩ እንዲህ ሆኖ ስለ ሙዚቃ ላወራህ ስለሆነ ትንሽ ይከብደኛል፣ ግን ካንተ ሌላ ለማን አወራዋለሁ።

ትናንት ማታ ዴቭ ግሮል፣ ያ የኒርቫና ድራመር የነበረው፣ እዚህ ነበር። እዚህ ስልህ አሜሪካ ማለቴ አይደለም፣ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናይንዝ ስትሪት፣ ክትፎ ከምንበላበት ሰፈር ሁለት ብሎክ ወደ ላይ! የራሱ ሮክ ባንድ ፉ ፋይተርስ ከነሙሉ አባላቱ። ሰኔ ላይ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደንን ጢም አድርገው የሞሉት ሰዎች 1,200 ሰው በምትይዝ ክለብ ውስጥ። ናይን ተርቲ ይሏታል ክለቧን፣ በኮሮና ምክንያት ከአምና መጋቢት ጀምሮ ዝግ ነበረች፣ እና ስትከፈት በማን ትከፈት፣ በድንገት እነሱ ናቸው ተባለ። ሰፈሩ እኮ ድሮም የሙዚቃ ሰፈር ነው፣ በእኛ 1966 አዲስ አበባ መጥቶ ጃንሆይ የሸለሙት የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚሁ አካባቢ ነው።

እኔ የሰማሁት ከተሳፋሪ ነው (አዎ አሁንም ኡበር ላይ ነኝ፣ አትሳቅ)። ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ ጥቁር ቲሸርት ለብሰው፣ እንደ ሕፃን ይቁነጠነጣሉ። ምንድነው ስላቸው ነገሩኝ፣ እኔም መሪውን ይዤ ጮህኩባቸው መሰለኝ። ግሮል ያደገው ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ መሆኑን ታውቃለህ አይደል፣ በየቀኑ የማልፍበት ቦታ ነው። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የገባበት ስክሪም የሚባለው ባንድ ደግሞ የቤይሊስ ክሮስሮድስ ልጆች ናቸው፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ማለት ስካይላይን፣ እንጀራና በርበሬ የምገዛበት! አንተ ፒያሳ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ፖስተሩን በማስቲካ የለጠፍክለት ሰውዬ የኔ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ።

ሰዎቹን አወረድኩና አፑን አጠፋሁት። ትኬት የሚባል ነገር የለም፣ ሰልፉ ቪ ስትሪትን ይዞ ዞሯል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ የክትባት ካርዱን ደቅኗል። ልመለስ አልኩ፣ እግሬ እምቢ አለ። የክለቡ ግድግዳ ላይ እጄን ጣል አድርጌ ቆምኩ፣ ሲጀምሩ ታዲያ ከጆሮዬ በፊት መዳፌ ነው የሰማው፣ የባስ ድራሙ ምት ግድግዳውን አልፎ ይመጣል፣ ጊታሩ ግን ውስጥ ይቀራል፣ በር ሲከፈት ብቻ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ኮንሰርቱን ያዳመጥኩት በከበሮ ብቻ ነው በለው፣ ድራመራቸው ቴይለር ሆኪንስ እንዴት እንደሚቀጠቅጠው ልነግርህ አልችልም። አጠገቤ ፓርኪንግ የሚሠራ የኛ ልጅ መጣና "ምን ጠፍቶህ ነው ወንድም?" አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ አብሮኝ ቆመና "ይሄማ ራስ ምታት ነው" ብሎ ወደ መኪኖቹ ሄደ።

አንተ ግን ግሮል ከከበሮ ተነስቶ ማይክ ሲይዝ ተናደህ ነበር፣ "ድራመር ቦታውን አይለቅም" ስትል ነበር፣ አልረሳሁትም። እስኪ አስበው፣ ኒርቫና ውስጥ ሆኖ የራሱን ዘፈን እየጻፈ ዝም። የኒርቫናው ዘፋኝ ከርት ኮቤይን ከሞተ በኋላ በዚያው በፈረንጆቹ 1994 ስቱዲዮ ገብቶ ከአንድ የጊታር ፓርት በቀር ሁሉንም ብቻውን ተጫውቶ ቀዳ፣ ያንንም በስሙ አላወጣውም፣ ባንድ እንዲመስል ፉ ፋይተርስ አለው። ትናንት እዚያ ግድግዳ ስር ሆኜ ማንን እንዳሰብኩ ገባህ? አንተም እኮ ከበሮ ጀርባ ተደብቀህ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር።

እና... እንዴት ብዬ ልጠይቅህ። እሺ። ናይንዝ ላይ ያለ አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት ነገ ማታ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት አለው፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ለሠርግ ዳላስ ሄደባቸው፣ ባለቤቱ ድሮ ጊታር እጫወት እንደነበር ያውቃልና ና አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ትናንት ይሄ መጣ፣ እና ያቺን ዘፈንህን መጫወት ፈለግኩ። የትኛዋን እንዳትለኝ፣ መብራት የጠፋ ቀን የሠራሃትን፣ በባቲ ሆና ዲስቶርሽን የምትፈልገውን። ያንተ መሆኗን ማይክ ላይ እናገራለሁ፣ ካልደበረህ። ከደበረህም በግልጽ በለኝ፣ አልቀየምም፣ ማለቴ ትንሽ እቀየማለሁ ግን ያልፋል።

ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶብኛል። "መንገዱ" የሚል አለበት፣ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ጣቴም ለስልሷል፣ ኤፍ ኮርድ ስይዝ ቀጭኗ ክር ትታፈንብኛለች፣ ማታ ማታ ስለማመድ የታችኛው ቤት ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደልቃለች፣ ያውም ምት አትጠብቅም። የምፈራው ደግሞ ሰዉን ነው፣ ዶሮ በልቶ እስክስታ ሊመታ የመጣ ሰው እኔ ተነስቼ ስጮህበት ምን ይለኛል? ባለቤቱ "ሁለት እንቁጣጣሽ፣ ሁለት ትዝታ፣ አራት ጉራግኛ" ብሎኛል፣ ያንተን መሀል ላይ ሰተት አድርጌ ላስገባት ነው፣ አላማከርኩትም።

ስለዚህ ስንኙን በቮይስ ላክልኝ፣ በጽሑፍ አይሆንም፣ የት ላይ እንደምትረግጥ መስማት አለብኝ። ጠረጴዛም ምታበት፣ ልጁን ግን እንዳትቀሰቅስ። የምጀምረው ነገ ማታ 3 ሰዓት ነው፣ ላንተ የእሁድ ሌሊት 10 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ፌስቡክ ላይቭ አደርገዋለሁ። ሕፃኑ ካስነሳህ ግባና እይ፣ ስሳሳት ብትስቅም ሳቅ፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጽፍ ብቻ፣ ባለቤቱ ያነባል።

ያው እኔ ነኝ